ስለ ጥንቃቄና ስለ ድፍረት የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች፦ እንዴት እንልመዳቸው? እንዴትስ እንጠቀምባቸው?

«አለቃዬ ‹ዩ አር ኦን ሲን አይስ› አለኝ። ምን ማለቱ ነው? ልፍራ ወይስ ልተወው?» እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ሌላው ጥያቄ ከአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ ፈተና) ተፈታኞች የሚመጣ ነው፦ «ስንት ፈሊጥ ልሸምድድ?» ሁለቱም ጥያቄዎች መልሳቸው አንድ ዓይነት ሥራ ስለሆነ እዚህ አንድ ላይ ጽፌዋለሁ።

ስለ ምግብ ወይም ስለ ዝናብ የተነገረ ፈሊጥ ቢያመልጣችሁ ብዙ አትጎዱም። ማስጠንቀቂያ ካመለጣችሁ ግን እስከ ሥራ ማጣት ሊያደርስ ይችላል። እናንተ ራሳችሁ ጠንካራውን ለቀላል ጉዳይ ካዋላችሁት ደግሞ ሰው ይቀየማችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰምቶ መለየት ይቅደም፤ መናገሩ በኋላ ይደርሳል። ደረጃዎቹን በዚሁ ቅደም ተከተል ሂዱባቸው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- አንድ ደብተር፣ ወይም በኪስ የሚያዙ ትንንሽ ካርዶች።
- ድምፅ መቅጃ ያለው ስልክ።
- ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት። ካምብሪጅ ወይም ሎንግማን ይበቃል፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። አባባሉ የእንግሊዝ ይሁን የአሜሪካ፣ የቢሮ ይሁን የጓደኛ ለይተው ይጽፋሉ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም መዝገበ ቃላት ብቻውን አይበቃም፤ የቃላቱን ፍቺ እንጂ የአባባሉን ክብደት አይነግራችሁም።
- ዩግሊሽ የሚባለው ድረ ገጽ። አባባሉን ስትጽፉለት ሰዎች ሲናገሩት የሚሰማባቸውን ቪዲዮዎች ያመጣላችኋል።
- የሚያዳምጣችሁ አንድ ሰው። ጓደኛ፣ እህት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ማንም ይሁን።

እዚህ ፈሊጦቹን በድምፃቸው ነው የጻፍኳቸው። ደብተራችሁ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ከመዝገበ ቃላቱ እያያችሁ ጻፏቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። እውነተኛ አደጋ ሲመጣ ፈሊጥ አትፈልጉ። «ስቶፕ!» ወይም «ዋች አውት!» ብላችሁ ጩኹ። ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ ወጥ ቤት ወይም የግንባታ ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ደረጃ 1ን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትለፉ።

ደረጃ 1። ለአደጋ ጊዜ የሚሆኑትን አጫጭር ቃላት አፋችሁ ላይ አስገቡ

«ዋች አውት!» እና «ሉክ አውት!» መኪና ሲመጣ ወይም ዕቃ ሲወድቅ የሚጮኹ ናቸው። «ዋች ዩር ስቴፕ» የምትረግጡበትን ተመልከቱ ማለት ነው፤ እርጥብ ወለል ወይም ደረጃ ሲኖር ይባላል። እንግሊዝ አገር ከሆናችሁ «ማይንድ» የሚለውን ቃል ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። «ማይንድ ዩር ሄድ» በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ጭንቅላትህን እንዳትመታ ማለት ነው። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ የሚሰማው «ማይንድ ዘ ጋፕ» ደግሞ በባቡሩና በመድረኩ መካከል ያለውን ክፍተት ልብ በሉ ነው።

«ሄድስ አፕ!» ተብሎ ከተጮኸ ወደ እናንተ የሚመጣ ነገር አለ፤ ራሳችሁን ጠብቁ። ቢሮ ውስጥ «ጀስት ኤ ሄድስ አፕ» ከተባለ ግን አደጋ የለም። አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው እንደማለት ነው።

አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳትባቸው ሁለት ነገሮች እዚሁ ላይ አሉ። አንደኛው «ቀስ!» የምንለው ነው። ትኩስ ቡና የያዘ ሰው ሊያፈስ ሲል «ቀስ!» እንላለን። ይህንን «ስሎውሊ» ብላችሁ ከተረጎማችሁት የተነገረው ሰው የሚሰማው ስለ ፍጥነት ብቻ ነው። «ኬርፉል!» በሉ። ሁለተኛው «ቴክ ኬር» ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የስንብት ቃል ነው፤ «ደህና ሁን» የምንለው ዓይነት። የተሰበረ ብርጭቆ ሊረግጥ ለተቃረበ ሰው «ቴክ ኬር» ብትሉት የተሰናበታችሁት ሊመስለው ይችላል።

ይህ ደረጃ መጀመሪያ የመጣው በዚያች ቅጽበት ለመተርጎም ጊዜ ስለማይኖራችሁ ነው። ቃሉ ሳይታሰብ ከአፍ መውጣት አለበት። ስለዚህ በልባችሁ አታንብቡት፤ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት።

ደረጃ 2። ፈሊጡን ብቻውን አትጻፉ፤ ከነተናጋሪው ጻፉት

በካርዱ ፊት ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በጀርባው ሦስት ነገር ይግባ፦ ማን ለማን አለው፣ ምን ከሆነ በኋላ ነው የተባለው፣ ፍቺው በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ምንድን ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ሠራተኛዋ ዓርብ ዕረፍት ጠየቀች፤ አለቃዋ ፈቀደ። ወዲያው «ሰኞንም ልጨምር?» ስትለው «ዶንት ፑሽ ዩር ላክ» አላት። ቃል በቃል «ዕድልሽን አትግፊ» ነው፤ ይህ ደግሞ ምንም አይነግራትም። በካርዱ ጀርባ መጻፍ ያለበት «አንድ ነገር የተፈቀደለት ሰው ሌላ ሲጨምር ይባላል፤ እዚህ ላይ ይብቃሽ ማለት ነው» የሚለው ነው። የፈሊጥ ፍቺ ግማሹ ያለው ከመነገሩ በፊት በተፈጠረው ነገር ውስጥ ነው። እሱን ካልጻፋችሁ ከወር በኋላ ካርዱ ባዶ ይሆንባችኋል።

ደረጃ 3። በአራት ክፍል ለዩአቸው

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ጊዜ ስጡት። ስለ ጥንቃቄ የተነገረ ፈሊጥ ስትሰሙ መጀመሪያ መለየት ያለባችሁ ምክር ይሁን ማስጠንቀቂያ፣ የሁኔታ መግለጫ ይሁን ስለ ድፍረት የተሰጠ ፍርድ ነው። የምትመልሱት መልስ የሚወሰነው በዚህ ነው።

*ምክር።* እነዚህ ለስላሳ ናቸው፤ ማንም ለማንም ሊላቸው ይችላል። «ቤተር ሴፍ ዛን ሶሪ» ከመጸጸት መጠንቀቅ ይሻላል ነው። እዚህ «ሶሪ» የይቅርታ ቃል አይደለም፤ ቁጭት ነው። «ሉክ ቢፎር ዩ ሊፕ» ከመዝለልህ በፊት ተመልከት፣ ውል ከመፈረምህ በፊት አንብብ ዓይነት ምክር ነው። «ዶንት ፑት ኦል ዩር ኤግስ ኢን ዋን ባስኬት» ያለህን ሁሉ አንድ ቦታ አታድርግ ማለት ነው፤ ስለ ገንዘብና ስለ ሥራ ፍለጋ ሲወራ ይዘወተራል። «ኤር ኦን ዘ ሳይድ ኦፍ ኮሽን» ከእነዚህ ሁሉ መደበኛው ነው። ሐኪሞች፣ ጠበቆችና ሪፖርት የሚጽፉ ሰዎች ይጠቀሙበታል። እርግጠኛ ካልሆንን ወደ ጥንቃቄው እናድላ ማለት ነው። ለምክር መልሱ ምስጋና ነው።

*ማስጠንቀቂያ።* እዚህ ንቁ። «ዩ አር ኦን ሲን አይስ» የሚለው ምስል በብርዳማ አገር የተለመደ ነው። ክረምት ሲገባ ሐይቁ ከላይ በረዶ ይሠራል። በረዶው ስስ ከሆነ የቆመበት ሰው በማንኛውም ሰዓት ሊሰምጥ ይችላል። ይህንን የሚላችሁ አለቃችሁ ከሆነ ሥራችሁ አደጋ ላይ ነው፤ አንድ ጥፋት ከደገማችሁ ቅጣት ይከተላል። ቃሉ በለሆሳስ፣ በፈገግታም ሊነገር ይችላል። ፈገግታው አያዘናጋችሁ። አትሳቁ፣ አትከራከሩም። «ዋት ዱ አይ ኒድ ቱ ቼንጅ?» ብላችሁ ምን ማስተካከል እንዳለባችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙት። «ዩ አር ፕሌይንግ ዊዝ ፋየር» በእሳት እየተጫወትክ ነው ነው። «ዶንት ፑሽ ዩር ላክ»ም እዚሁ ይገባል። «ዋች ዩር ስቴፕ» እንኳ ደረጃም እርጥብ ወለልም በሌለበት፣ ፊቱ በተቆጣ ሰው ከተባለ ዛቻ ነው።

*የሁኔታ መግለጫ።* እዚህ ማንም እናንተን አያስፈራራም፤ ተናጋሪው ያለበትን እየነገራችሁ ነው። «ዊ አር ዎኪንግ ኦን ኤግሼልስ አራውንድ ሂም» ከተባለ ሰውየው በትንሽ ነገር የሚቆጣ ስለሆነ ሁሉም እየተጠነቀቀ ነው የሚያናግረው። ለሰው ጠባይ እንጂ ለማሽን ወይም ለመንገድ አይባልም። «አይ አም ጎይንግ አውት ኦን ኤ ሊም» ደግሞ ሌሎች ሊቃወሙት የሚችሉትን፣ ማስረጃው ያልሞላ ሐሳብ ልናገር ነው ማለት ነው። እዚህ «ሊም» የዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ ጫፍ ላይ የወጣ ሰው ሊሰበርበት ይችላል። «ሪስክ ላይፍ ኤንድ ሊም» ሲባል ግን ያው ቃል እጅና እግር ይሆናል፤ ነፍሱንና አካሉን ለአደጋ ሰጠ ማለት ነው። በሁለቱም ላይ መጨረሻ ያለው «ብ» አይነበብም። «ቴስት ዘ ዎተርስ» ሙሉ በሙሉ ከመግባት በፊት ሁኔታውን ማየት ነው። «ኢትስ ኤ ሎንግ ሾት» የሚሳካበት ዕድል ጠባብ ነው ማለት ነው። አደገኛ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

*ስለ ድፍረት የሚሰጥ ፍርድ።* ይህ ክፍል አስቸጋሪ ነው፤ ምስጋናና ነቀፋ ይቀላቀሉበታል። «ቴክ ዘ ፕላንጅ» ብዙ ጊዜ በጎ ነው፤ ሲያመነታ ቆይቶ በመጨረሻ ላገባ ወይም የራሱን ሥራ ለጀመረ ሰው ይባላል። «ስቲክ ዩር ኔክ አውት» ስለ ሌላ ሰው ብሎ ራሱን ለትችት ያጋለጠ ሰው የሚነገርለት ነው። «ሱቄ እንዳይዘጋ ስለ እኔ ተከራከርክልኝ» ለማለት «ዩ ስታክ ዩር ኔክ አውት ፎር ሚ» ብትሉ ትልቅ ምስጋና ነው። «ስሮው ኮሽን ቱ ዘ ዊንድ» ጥንቃቄን ለነፋስ ሰጠ ነው፤ በጎም ክፉም ሊሆን ስለሚችል ቀጥሎ የሚባለውን አድምጡ። «ቤት ዘ ፋርም» ያለውን ሁሉ አስያዘ ነው። በአሉታ ስትሰሙት፣ «አይ ውድንት ቤት ዘ ፋርም ኦን ኢት» ሲባል፣ ያን ያህል አልተማመንበትም ማለት ነው። እንግሊዞች ዕቅዳችሁን ሰምተው «ዛትስ ቬሪ ብሬቭ» ካሏችሁም ወዲያው አትደሰቱ። አንዳንዴ እንዲህ የሚሉት ዕቅዱ ሳይጥማቸው ሲቀር ነው። «ዱ ዩ ሲ ኤ ፕሮብሌም?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 4። ከአማርኛው ጋር አገናኟቸው

የምታውቁት ተረት ላይ የታሰረ ፈሊጥ ቶሎ አይረሳም።

- «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ከ«ዋንስ ቢትን፣ ትዋይስ ሻይ» ጋር ይገጥማል።
- «ሳይቃጠል በቅጠል» ከ«ኤ ስቲች ኢን ታይም ሴቭስ ናይን» ጋር።
- «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ፈረሱ ካመለጠ በኋላ የጋጣውን በር ከመዝጋት ጋር፦ «ክሎዚንግ ዘ ስቴብል ዶር አፍተር ዘ ሆርስ ሃዝ ቦልትድ»።
- «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» ከ«ፎርቹን ፌቨርስ ዘ ቦልድ» ጋር።
- «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ከ«ሄጅ ዩር ቤትስ» ጋር።

የመጨረሻው ላይ ልዩነት አለ። የእኛው ተረት ብልህነትን ይመክራል። እንግሊዝኛው ስለ ሰው ሲነገር አንዳንዴ «ወዲህም ወዲያም እያለ ነው፣ አቋም የለውም» የሚል ወቀሳ ይሆናል። ስለ ራሳችሁ ብትሉት ችግር የለም። ስለ አለቃችሁ አትበሉት።

«ፈሪ ለእናቱ» ቀጥተኛ አቻ አላገኘሁለትም። ቃል በቃል ብትተረጉሙት ሰውየውን ፈሪ ያላችሁት ይመስላል። በዚያ ቦታ «ቤተር ሴፍ ዛን ሶሪ» ያገለግላችኋል። በአጠቃላይ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ አገናኙ እንጂ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ቃል በቃል አትተርጉሙ። እባቡንና ልጡን ስታስረዱ ዋናው ጨዋታ ያልፋችኋል።

ደረጃ 5። የማይነቃነቀውንና የሚለዋወጠውን ለዩ

ተረት መሰሎቹ አይነኩም። «ቤተር ሴፍ ዛን ሶሪ» ላይ ምንም አይጨመርም፣ ምንም አይቀነስም። ተናጋሪዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ግማሹን ብቻ ብለው ይተዉታል፦ «ዌል፣ ዋንስ ቢትን…»። ቀሪውን ታውቀዋለህ ማለታቸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያውን ብቻ ሰምታችሁም ማወቅ ተለማመዱ።

ግስ ያላቸው እንደ ጊዜው ይለወጣሉ። «ፕሌይ ኢት ሴፍ» (አደጋ የሌለበትን መንገድ መምረጥ) ትናንት ከሆነ «ፕሌይድ ኢት ሴፍ» ይሆናል። «ዩር» የሚል ያለባቸው እንደ ባለቤቱ ይለወጣሉ፦ «ማይ ኔክ»፣ «ሂስ ኔክ»፣ «ሄር ኔክ»።

ከሁሉ የበለጠ የሚያምታታው «ቻንስ» ነው። «ቴክ ኤ ቻንስ ኦን ሚ» እመነኝ፣ ዕድል ስጠኝ ነው። በብዙ ቁጥር «ቻንስስ» ሲሆን ትርጉሙ ይዞራል፤ «ሺ ዳዝንት ቴክ ቻንስስ ዊዝ ሄር ሄልዝ» በጤናዋ አትቀልድም ነው። «ቴክ ዩር ቻንስስ» ደግሞ የሚመጣውን በራስህ ተወጣው ነው። ለሦስቱ ሦስት ካርድ አዘጋጁ።

«ሪስክ» ከ«ቴክ» ጋር ይሄዳል እንጂ ከ«ሜክ» ወይም ከ«ዱ» ጋር አይሄድም። «ራን ዘ ሪስክ ኦፍ» ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው ግስ በ«ኢንግ» ያልቃል፦ «ዊ ራን ዘ ሪስክ ኦፍ ሉዚንግ ዘ ከስተመር»፣ ደንበኛውን ልናጣ እንችላለን። መኪና ማቆሚያ ወይም መዋኛ ላይ «አት ዩር ኦውን ሪስክ» ተጽፎ ካያችሁ ለጉዳቱ ኃላፊ እኛ አይደለንም የሚል ማስታወቂያ ነው። ላፕቶፕ መኪና ውስጥ ትታችሁ አትሂዱ።

ደረጃ 6። አገሩን አረጋግጡ

አሜሪካ «ከቲንግ ኢት ክሎስ»፣ እንግሊዝ «ከቲንግ ኢት ፋይን»፤ ሁለቱም ሰዓቱን አጣብቆ መድረስ ነው። ለእጥፍ ጥንቃቄ እንግሊዝ «ቤልት ኤንድ ብሬስስ»፣ አሜሪካ «ቤልት ኤንድ ሰስፔንደርስ» ይላል። «ሰስፔንደርስ» እንግሊዝ አገር የሴት ካልሲ መያዣ ስለሆነ እዚያ አትጠቀሙበት። «ከቨር ኦል ዘ ቤዝስ» ከቤዝቦል የመጣ የአሜሪካ አነጋገር ነው። መዝገበ ቃላቱ ላይ ምልክቱን ካያችሁ ካርዱ ጥግ ላይ ጻፉት።

ደረጃ 7። ሦስት ብቻ መርጣችሁ ተናገሩ

ብዙ ማወቅ ለመስማት ይጠቅማል። ለመናገር ሦስት ይበቃል፤ በደንብ የተያዘ ሦስት ከተምታታ ሠላሳ ይሻላል። እኔ የምመክራቸው እነዚህን ነው፦

1. «ጀስት ቱ ቢ ኦን ዘ ሴፍ ሳይድ»። «አይል ደብል ቼክ፣ ጀስት ቱ ቢ ኦን ዘ ሴፍ ሳይድ»፣ ለጥንቃቄ ያህል ደግሜ ላረጋግጥ። ቢሮም ቤትም ይሆናል፤ ማንንም አያስቀይምም።
2. «ቤተር ሴፍ ዛን ሶሪ»። ለምን ዣንጥላ ያዝክ፣ ለምን ቀድመህ መጣህ ሲሏችሁ ብቻውን መልስ ይሆናል።
3. «ኢትስ ኤ ሎንግ ሾት፣ በት…»። ይሳካል ብለው ሳይተማመኑ ለመጠየቅ። ለሥራ ጥያቄ በጣም ይጠቅማል።

ዩግሊሽ ላይ እያንዳንዳቸውን ደጋግማችሁ ስሙ። ድምፃችሁን ቅዱና አወዳድሩ። የመጀመሪያው ላይ ጉልበቱ «ሴፍ» ላይ ነው የሚያርፈው። ሁሉንም ቃል እኩል ከረገጣችሁት ያነበባችሁ ይመስላል። ከዚያ ለምታውቁት ሰው ተናገሩት፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክሩት።

አይኤልትስ ለምትፈተኑ፦ በንግግር ፈተናው ለ7 ነጥብ ከሚጠበቁት አንዱ ፈሊጣዊ ቃላትን መጠቀም ነው። ቦታቸውን ይዘው አንድ ሁለቴ ይግቡ። በድርሰቱ ላይ ግን ተረት መሰሎቹን ተዉ፤ «ዘ ሪስክስ አውትዌይ ዘ ቤነፊትስ» ዓይነት ቀጥተኛ አነጋገር ይሻላል።

የተለመዱ ስህተቶች

- «ፕሌይ ኢት ሴፍ»ን ከ«ፕሌይ ኢት ባይ ኢር» ጋር ማምታታት። ሁለተኛው ስለ ጥንቃቄ አይደለም፤ እንደ ሁኔታው እያየን እንወስናለን ነው።
- አንድ ንግግር ውስጥ ሦስት አራት መደርደር። ሰሚው ጉዳዩን ትቶ ቃላቱን ይሰማል።
- ምክርን እንደ ስድብ መውሰድ። «ሉክ ቢፎር ዩ ሊፕ» ያለችው ጓደኛ አላዋቂ አላለችም።
- ለታላቅ ወይም ለአለቃ «ዶንት ፑሽ ዩር ላክ» ማለት። ይህ ከላይ ወደ ታች፣ ወይም በእኩዮች መካከል በቀልድ የሚነገር ነው።
- ሐዘን ላይ መጠቀም። አደጋ ለደረሰበት ሰው «ዩ ወር ፕሌይንግ ዊዝ ፋየር» ማለት ቁስል መንካት ነው።
- «ሩሽያን ሩሌት»ን ሥራ ቦታ መጥራት። ምስሉ ሽጉጥ ነው፤ ብዙዎችን ይረብሻል።

ሐኪም ቤትና ሕግ ፊት

ሐኪሙ «ሌትስ ኤር ኦን ዘ ሳይድ ኦፍ ኮሽን» ካለ ለጥንቃቄ አንድ ነገር ሊያደርግ መሆኑን ገባችሁ፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አልነገራችሁም። ምርመራ ይሁን፣ አልጋ መያዝ ይሁን፣ መድኃኒት ማቆም ይሁን ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለሚያዳግተው ታካሚ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። «አይ ኒድ ኤን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ማለት ይበቃል። ፍርድ ቤትና ፖሊስ ፊት እናንተ ፈሊጥ አትጠቀሙ፤ በቀጥታ የሆነውን ብቻ ተናገሩ።

ካርዳችሁ ውስጥ የሌለ አዲስ ፈሊጥ ሲገጥማችሁ ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ አትለፉት። «ሶሪ፣ ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ዛት?» በሉ። ያልገባችሁ ክብደቱ ከሆነ «ኢዝ ዛት ኤ ዋርኒንግ፣ ኦር ጀስት አድቫይስ?» ብላችሁ ጨምሩ። መልሱን ስታገኙ ዕለቱን አዲስ ካርድ ላይ አስፍሩት፤ ማን እንዳለውና ምን ከሆነ በኋላ እንዳለው አብራችሁ ጻፉ።